ከመስታወቱ ወዲህ ያለችው አግዳሚ

የመጨረሻ ቀኔ ላይ ባንኩ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሥራ ለሌለው ሰው ሰዓት! እሱ ሲሠራ እኔ ቁጭ ብዬ እንዳየው ይመስለኛል። ኬክም ነበረ። ማናጀራችን ፍቃዱ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ሸጋ ልጅ፣ ንግግር አደረገና ሲጨርስ «ጋሽ መሐመድ፣ ሌላ የሚፈልጉት ነገር ካለ ይበሉን» አለኝ። እንዲህ ያለው ነገር «ኧረ ምንም፣ አላህ ይስጥልኝ» እንዲባልበት እንጂ እንዲመለስ አይጠየቅም። እኔ ግን መለስኩ።

«ያችን አግዳሚ ስጡኝ።»

ሳቁ። እዚያ ቤት አፌን ስከፍት ሰው መሳቅ ልማዱ ነው፤ «እሳት ተነሣ!» ብል እንኳ መጀመሪያ ስቀው ነበር የሚሸሹት። የጠየቅሁት በሩ አጠገብ ያለችውን፣ ደንበኛ ተራ የሚጠብቅባትን፣ አንድ እግሯ በካርቶን የተደገፈ የእንጨት አግዳሚ ነበር። ፍቃዱ የምሬን መሆኑ ሲገባው ኮስተር አለና «ንብረት ናት ጋሼ፣ በጨረታ ካልሆነ አትወጣም» አለኝ። ሰዓቴን ታቅፌ ወጣሁ።

ጡረታውም ቢሆን ደርሶልኝ አይደለም። እኔ የምሠራው ሥራ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተጠቃለለና «ወይ አዲስ አበባ ና፣ ወይ ሒሳብህን ይዘህ ተሰናበት» ተባልኩ። ተሰናበትኩ። አሁን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ልጄ ከድጃ በከፈተችው ዓሣ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ለደንበኛ መልስ ስሰጥ ሳላስበው ስሙን እስከ አያቱ እጠይቀዋለሁ። «አባዬ፣ ሰውየው ዓሣ በልቶ ሊሄድ ነው፤ አያቱ ምን ይሠሩልሃል?» ትለኛለች። ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ።

ሥራህ ምን ነበር ለሚለኝ ሰው ማስረዳት እስከ ዛሬ ይቸግረኛል። አማቴ በሕይወት እያሉ «ልጄን ያገባት ሰውዬ ባንክ ውስጥ ስም ያነባል» ነበር የሚሉት። ከዚያ የተሻለ የገለጸልኝም የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። «ከእነዚህ ጋር ማንም ገንዘብ እንዳይለዋወጥ» ተብሎ ማዕቀብ የተጣለባቸው ሰዎችና ድርጅቶች በዓለም ላይ አሉ። ስለዚህ ባንክ ከውጭ የመጣ ሐዋላ ከመክፈሉ በፊት የላኪውንም የተቀባዩንም ስም ከነሱ ስም ጋር ያስተያያል። ስሙ ከተመሳሰለ ኮምፒውተሩ ቀይ ያበራል፣ ገንዘቡም ባለበት ይቆማል። ሰውዬው የተከለከለው ራሱ ነው ወይስ ሞክሼው ነው የሚለውን የምለየው እኔ ነበርኩ።

ይህን ሥራ ወሎ ውስጥ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። ገበያ መሃል ቆመህ «መሐመድ!» ብለህ ብትጣራ ግማሹ ገበያ «አቤት» ይላል። ሌላው ግማሽ ዝም ያለው ሰይድ ስለሆነ ነው። የእኔ የራሴ ስም መሐመድ ሰይድ ነው፤ በአንድ ጥሪ ገበያውን በሙሉ አዞርኩት ማለት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ውጫሌ፣ በቴለርነት ነው። ደመወዙን ለመቁጠር ቴለር መሆን አያስፈልግም ነበር። ተቆጣጣሪያችን ጋሽ ሞገስ የሚባሉ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ካፖርት የማያወልቁ። የካፖርታቸው ኪስ ሁልጊዜ ቆሎ አያጣም። ወደ ቆሎው እመለሳለሁ።

አንድ ቀን አንዲት እናት መስኮቴ ላይ መጡ። ሐዋላ ለመቀበል ቁጥሩን መስጠት፣ መታወቂያ ማሳየትና የላኪውን ስም መናገር ያስፈልጋል። «ላኪዋ ማናት እናቴ?» አልኳቸው። «ልጄ ናት፣ ዘነበች።» ኮምፒውተሩ ላይ ዘነበች የለችም። «አይደለችም» አልኩ። «እንግዲያው ፋጡማ በላት።» «እሷም አይደለችም።» «ዘሐራ?» ከኋላ የተሰለፈው ሰው መሳቅ ጀመረ። አንዱ «ጫልቱ በሏት እስቲ!» አለ። እኔም ጨዋታ አይቼ የማልፍ ሰው አይደለሁም፣ «እማማ፣ ልጅዎትን እየጠሩ ነው ወይስ ዕጣ እያወጡ ነው?» አልኳቸው። ሴትዮዋ አልሳቁም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጋሽ ሞገስ ከኋላዬ ተነሡ። በጎን በሩ ወጥተው ደንበኛው ወዳለበት ዞሩና ሴትዮዋን ይዘው እዚያ ያለች አንዲት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው በሴትዮዋ መዳፍ ላይ አፈሰሱ። ሁለቱም መቆርጠም ጀመሩ። እኔ በመስታወቱ ውስጥ አያቸዋለሁ፤ ሰልፉ ቆሟል፣ እሳቸው ግን ስለ ዝናብ ያወራሉ። ቆይተው «ልጅትዎን እቤት ማን ብለው ነው የሚጠሯት?» ሲሉ ሰማሁ። ሴትዮዋ ነገሯቸው። ከዚያ ወሬው ራሱ መጣ፤ መቼ እንደሄደች፣ ማን እንደወሰዳት፣ የትኛዋ የጎረቤት ልጅ አብራት እንደሄደች፣ ደላላው በምን ስም ፓስፖርት እንዳወጣላት።

ይህን የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከገጠር ልጅቷ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ደላላው «እዚያ የሚቀጥርሽ ቤት ቶሎ የምታገኚው በዚህ ነው» ብሎ ለክርስቲያኗ ልጅ የእስላም ስም ያወጣላታል። የአባቷም ስም አብሮ ይቀየራል። ዕድሜዋም ከፍ ይላል። አስካለ ታደሰ ቦሌ ላይ ሐሊማ ኢብራሂም ሆና ትሳፈራለች። እናት ያን ስም አንድ ቀን በስልክ ሰምታዋለች፣ ግን ልጇን በሰው ስም ጠርታት ስለማታውቅ ከአፏ ይጠፋል። የእኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ የሚጠይቃት ያንኑ ስም ነው።

ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ጋሽ ሞገስ እኔንም አግዳሚዋ ላይ አስቀመጡኝ። ቆሎም ሰጡኝ፤ ሊቆጡኝ ነው ብዬ እፍኜ ውስጥ ያዝኩት።

«መስታወት ውስጥ ሆነህ ስትጠይቃት ፖሊስ ትመስላታለህ» አሉኝ። «ፖሊስ የመሰላት ሰው ደግሞ አንተ ደስ የሚልህን ስም ነው የምትፈልግልህ። ወጥተህ ተቀመጥ። መጀመሪያ አፏ ሥራ ይያዝ፤ እየቆረጠሙ መዋሸት ከባድ ነው። አንተን ራስህን እቤት ማን ነው የሚሉህ?»

«ይቅርብኝ ጋሽ ሞገስ።»

«ንገረኝ እንጂ።»

«ዱባ።»

ካፖርታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እናቴ ነበረች ያወጣችልኝ፤ ያኔ ቀጭን ልጅ ነበርኩ አሉ፣ ሆዴን አስቀድማ አይታው መሆን አለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሳይኖር ጋሽ ሞገስ ዱባ ነበር የሚሉኝ። ሰው ሲኖር «አቶ መሐመድ»። ይህን ምስጢር እስከ መጨረሻው ጠብቀውልኛል።

ከዚያ ለውጡ መጣ ተባለ። ሁሉ ነገር ይከፈታል፣ ከውጭ ባንኮች ጋር እንሠራለን ተባለ። የውጭዎቹ ደግሞ «ማዕቀብ የሚያጣራ ሰው አላችሁ ወይ?» ብለው ጠየቁ መሰለኝ፣ ከየአካባቢው ሰው እየተመረጠ አዲስ አበባ ለስልጠና ተላከ። ከእኛ ዘንድ እኔ ተመረጥኩ። ጋሽ ሞገስ ጡረታቸው ስለደረሰ ነው እንጂ የእሳቸው ነበር። አበሉ ጥሩ ነበር፤ ምሳው ደግሞ ከአበሉ ይሻል ነበር።

አሰልጣኛችን ሳምራዊት የምትባል ልጅ ነበረች። ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ሰው የማትንቅ። ትምህርቱ ግን ከውጭ የመጣ ስለሆነ ሁሉም ምሳሌ መርከብና ነዳጅ ነበር። አንዲት ትልቅ መርከብ ግድግዳው ላይ አሳየችንና «ይቺ መርከብ ወደብ በደረሰች ቁጥር ስሟን ትቀይራለች። ይህን ስታዩ ምን ትላላችሁ?» አለች።

«ተጠምቃለች» አልኩ እኔ።

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀችና «እርስዎ ከየት ነዎት?» አለችኝ።

«ከሐይቅ። እኛ ዘንድ መርከብ የለም፤ ሐይቃችን ላይ ያለችው የዓሣ ጀልባ ናት፣ እሷም ስም የላትም። ስም የሚቀይሩት ሴቶች ልጆቻችን ናቸው።»

ይህንንም ለሳቅ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ግን ስናገር ስናገር ሳቁ ቀረ። ከጂማም ከሐረርም የመጡት ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ሳምራዊት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ታዲያ ስሟን የቀየረች ሁሉ ተጠርጣሪ ከሆነች እናንተ እንዴት ትለያላችሁ?» አለችኝ። ስለ አግዳሚዋና ስለ ቆሎው ነገርኳት። አሰበችና እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገር አለችኝ። «መጠየቁን ችለውበታል። አሁን የቀረዎት እርስዎንም፣ ሐይቅንም፣ ሴትዮዋንም አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ሩቅ አገር ቢሮው ተቀምጦ፣ አንብቦ የሚያምንዎት አድርገው መጻፍ ነው። አውቃታለሁ አይበቃም። በምን እንዳወቋት ይጻፉ፤ ዕድሜ፣ ትውልድ ቦታ፣ ዝምድና። የማያስፈልገውን አንድ ቃል አይጨምሩ፣ የሚያስፈልገውን አንድ ቃል አይተዉ።»

ከሰዓት በኋላ ማጣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት የአንድ ሰልጣኝ ስም ልታስገባ ፈለገች። ማንን እንደመረጠች መናገር አያስፈልግም። ግድግዳው በሙሉ ቀይ ሆነ። «ጋሽ መሐመድ፣ ይቅርታ፣ ተጣርተው እስኪያልቁ ታግደዋል» አለችኝ። «ከሻዩ ነው ወይስ ከአበሉ?» አልኳት። ስቀን ዋልን። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀይ ግድግዳ ሳይ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችው የውጫሌ እናት ናት ትዝ ያለችኝ።

ተመልሼ ሐይቅ ተመደብኩና በዙሪያው ላሉ ቅርንጫፎች ስልጠና መስጠት ጀመርኩ። መርከቡን አወጣሁና ጀልባ አስገባሁ። ቴለሮቹን ከመስታወቱ አስወጥቼ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እኔ ውስጥ ገብቼ በማይክሮፎን እጮህባቸዋለሁ፤ «የእናትሽ አያት ስም! ቶሎ በይ! ሰው ተሰልፏል!» አንዷ የገዛ አባቷ ስም ጠፋባት። ከዚያ በኋላ ስለ አግዳሚ መስበክ አላስፈለገኝም። ውጫሌ ላይ ሳሰለጥን ጋሽ ሞገስ፣ ጡረተኛው፣ ከነካፖርታቸው መጥተው ኋላ ቁጭ አሉ። ስጨርስ «ጥሩ ነው፣ ግን ታበዛዋለህ ዱባ» አሉኝ ቀስ ብለው። ከዚያ የበለጠ ሰርተፊኬት የለኝም።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

እትዬ ብርቄ የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ሴት ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ አንዲት ልጅ ብቻ ያላቸው። ያቺ ሐሊማ ኢብራሂም ሆና የሄደችው አስካለ የእሳቸው ናት። ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ልጅ ስለሆነች እናቷ «እንኮዬ» ነው የሚሏት። ይህን ያወቅሁት ሐይቅ ቅርንጫፍ ባለችው፣ በካርቶን በተደገፈችው አግዳሚ ላይ ነው። በየጊዜው ይመጣሉ፣ የስልካቸውን መልእክት አነብላቸዋለሁ፣ «መሐመዴ፣ እስቲ ስሟን አንተው ጥራልኝ፣ ያንን የፓስፖርቷን» ይሉኛል፣ እንስቃለን።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ፣ ትምህርት ቤቱ በተፈናቃይ ሲሞላ፣ ስልክ ድምፅ እንቢ አለ። መልእክት ብቻ አልፎ አልፎ ይገባል። አንድ ዓርብ ከሰዓት እትዬ ብርቄ መጡ። ቁጥሩን አስገባሁት። ቀይ። የሐሊማ ኢብራሂም ስም ከአንድ የተከለከለ ስም ጋር ተመሳስሏል። ድሮ ቢሆን እኔው አጣርቼ እለቀው ነበር፤ ያኔ ግን ቀይ የበራን ነገር ከዋናው መሥሪያ ቤት በቀር ማንም አይለቅም የሚል መመሪያ መጥቷል። ጻፍኩላቸው። ሳምራዊት እንዳስተማረችኝ አሳምሬ ጻፍኩ። መልሱ መጣ፤ የላኪዋን የልደት ቀን ከላከው ድርጅት ጠይቀን እንመለሳለን፣ ሰኞ።

«እትዬ፣ ሰኞ ይምጡ» አልኳቸው።

«ገንዘቡ ይቆይ መሐመዴ፣ የገንዘቡ አይደለም» አሉኝ እጄን ይዘው። «እኔ ስወስደው እሷ ስልክ ላይ ‹ደረሰ› የሚል ይመጣላታል። ድምፅ ከጠፋ ወዲህ ደህና መሆኔን የምታውቀው በሱ ነው። ደረሰ ሲላት ትተኛለች።»

«አብሽሩ እትዬ። ሰኞ።»

ሰኞ ሐይቅ ውስጥ ባንክ አልነበረም። እሁድ ነው ሁሉም የወጣው። እኔም ሚስቴንና ከድጃን ይዤ በእግር ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም የጭነት መኪና ላይ ተሰቅለን ደብረ ብርሃን ደረስን። ሆዴ ቀለጠ፤ ዱባው ቅል ሆነ። ሰው «ደህና ነህ?» ሲለኝ «ቀበቶዬን ጠይቁት» እል ነበር። በቀልድ ነው ያን ጊዜ ያለፍኩት፣ ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም። ማታ ጋደም ስል ግን «ሰኞ ይምጡ» ያልኩት ድምፄ ይሰማኛል። ሕጉ እንዳለው ነው ያደረግሁት፤ ዛሬም ያው ዓርብ ቢመለስ ሌላ የማደርገው የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ሰው ጥፋቱን ካወቀ ይጸጸትና ይወጣለታል።

በዚያ ሁሉ የስደት ጊዜ አንድ የሚያጽናናኝ ነገር ነበር። ያየሁትን አስቂኝ ነገር ሁሉ ለጋሽ ሞገስ ብዬ አስቀምጥ ነበር። ይህን ስነግራቸው እንዲህ ይላሉ፣ እዚህ ላይ ካፖርታቸው ይንቀጠቀጣል እያልኩ። ስንመለስ ውጫሌ ደውዬ ልጃቸውን አገኘሁት። ስኳር ነበረባቸው። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒቱ ጠፋ። ያን ሁሉ ጨዋታ ሳስቀምጥ የከረምኩት ለሞተ ሰው ነበር።

ቅርንጫፋችን ስንደርስ ወንበሩ የለም፣ ኮምፒውተሩ የለም፣ መስታወቱ ረግፏል። አግዳሚዋ ግን ቦታዋ ላይ ናት። እግሯ የተሰበረ ስለሆነ ማንም አልፈለጋትም። ካርቶኗን ቀየርኩላት። መስታወት እስኪመጣ ድረስ ያለ መስታወት ሠራን። እጄን ዘርግቼ የሰው ትከሻ እየነካሁ፣ ሰው «እንኳን ተረፍክ» እያለ ጉንጬን በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ እየሳመኝ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የምናፍቀው ያን ነው፣ በዚያ ባዶ ቤት።

በዚያው ሰሞን እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ታዩ። ከስተዋል፣ በትር ይዘዋል። ተራራው ላይ ከዘመድ ጋር ከርመው ነው የተመለሱት። ስልካቸው በሽሽቱ ጠፍቷል፤ የልጅቷ ቁጥር ያለው እሱ ውስጥ ብቻ ነበር። በሕይወት ስላየኋቸው ደስ ብሎኝ አቅፌያቸው ስጨርስ «ልጄስ? ያ ነገር ምን ሆነ?» አሉኝ። ከፈትኩት። «ተቀባይ ባለመገኘቷ ለላኪ ተመላሽ ሆኗል» ይላል።

ሳነብላቸው አግዳሚዋ ላይ ቁጭ አሉ።

«ተመለሰላት? እናቷ ጠፍታ ተመለሰላት? ወይኔ እንኮዬ! ሞታለች ብላ ለቅሶ ተቀምጣለቻ!»

እኛ ዘንድ የላኪ ስልክ አይታይም። ደጋግማ አልላከችም፤ ለሞተ ሰው ማን ይልካል? ዘመድ በኩል እንዳይፈለግ እዚያ የሚያውቃት ሁሉ ሐሊማ ብሎ ነው የሚያውቃት፤ አንዲት የጎረቤት ልጅ እዚያ ብትኖርም ቤተሰቧ በሽሽቱ ተበትኖ ስልኳን የሚያውቅ አልተገኘም። ያለችው አንዲት ክር ያቺው ቀይ የበራችው ማጣሪያ ነበረች። የእኛ ሥራ ለላከው ድርጅት ጥያቄ መላክን ይፈቅዳል፤ ላኪው ማነው፣ ለተቀባዩ ምኑ ነው ብሎ።

ለፍቃዱ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ገንዘቡ እኮ ተመልሷል፤ ነገሩ ተዘግቷል። አሁን ምኑን ነው የሚያጣሩት?» አለኝ።

«ልጅቷ ነገ ብትልክ ስሟ ያው ነው፣ ያው ቀይ ይበራል። ዛሬ ካላጣራሁ መቼ ላጣራ?»

እትዬ ብርቄን አያቸው። እኔን አየኝ። «እውነትዎን ነው፣ የማጣራት ግዴታ አለብን» አለና በሩን ዘግቶልን ወጣ።

ሳምራዊት ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር። ስጽፍ ስሰርዝ ምሳዬን እንኳ ረሳሁ፤ ከሚያውቁኝ ውስጥ ይህን የሚያምን የለም። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነበር፦ «ተቀባይዋ ዛሬ በአካል ቅርንጫፋችን ቀርበው ላኪዋ የወለዷት ልጃቸው መሆኗንና እቤት ‹እንኮዬ› ብለው እንደሚጠሯት ገልጸዋል። ላኪዋን በግል አግኝታችሁ ይህ ትክክል መሆኑን ታረጋግጥ ዘንድ እንጠይቃለን።» በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ የምወዳቸው «ዛሬ በአካል» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው። ምንም ትርፍ የላቸውም፣ ሕጉም አይጠላቸውም። የሚነበብላት ልጅ ግን ትሰማቸዋለች።

እትዬ ብርቄ በየቀኑ እየመጡ አግዳሚዋ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ደንበኛ ሲመጣ ጠጋ ይላሉ፣ ሲሄድ ይዘረጋሉ። እኔ ኪሴ ውስጥ ቆሎ መያዝ የጀመርኩት ያኔ ነው።

መልሱ መጣ። መጀመሪያው እንደ ደንቡ ነው፤ ላኪዋ ማንነቷን አረጋግጣለች፣ የልደት ቀኗ ይህ ነው፣ ከተከለከለው ስም ጋር ግንኙነት የላትም። ከሥሩ ግን ደንብ የማያዘው ነገር ነበረበት። «ጥያቄውን ስናነብላት ራሷን ስታ ነበር፤ ውሃ አጠጥተናታል፣ አሁን ደህና ናት። ይህን ስልክ ለእናቷ እንድትሰጡ በፈቃዷ ጠይቃናለች።» የጻፈውን ሰው አላውቀውም። ጂዳ ውስጥ የሆነ መስኮት ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ከመስታወቱ ወጥቶ አጠገቧ ተቀምጧል፣ እርግጠኛ ነኝ።

በፍቃዱ ስልክ ደወልን፣ ድምፁን ከፍ አድርገን፣ አግዳሚዋ ላይ።

«እንኮዬ» አሉ እትዬ ብርቄ።

ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ለቅሶ ብቻ ነው የተሰማው። ቴለሮቹም አለቀሱ፣ ጥበቃውም። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

«እማዬ፣ ሞተሻል ብዬ ለቅሶ ተቀመጥኩልሽ እኮ» አለች ልጅቷ። «አሠሪዬ ፈቅዳልኝ፣ ያገር ልጆች መጥተው...»

እትዬ ብርቄ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

«ማን ማን መጣ?»

«እንዴ እማ!»

«ንገሪኝ እንጂ። የነተዋበች ልጅ መጣች?»

«እሷ... ሥራ በዝቶባት...»

«አየሽ! አውቄያት ነበር! ድሮስ! እኔ ለእናቷ ስንት ቀን ሳልተኛ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሕይወት ዘመኔ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ለመናገር ወደ ቀኝ ዞርኩ። «ጋሽ ሞገስ፣ ሰሙ?» ልል። ከእትዬ ብርቄ ቀጥሎ ያለው የአግዳሚዋ ጫፍ ባዶ ነበር።

አሁን ስም የሚያጣራው አዲስ አበባ ያለ ማሽን ነው። ፈጣን ነው ይላሉ፣ እኔም አልጠላውም። መስታወቱም አዲስ ገብቷል፣ ወፍራም።

በቀደም የግድግዳ ሰዓቱን ባትሪ ልገዛ ወጥቼ፣ እግሬ ራሱ ወደ ባንኩ ወሰደኝ። ወንድሜ ከዱባይ ትንሽ ነገር ልኮልኝ ስለነበር ሰበብም አላጣሁም። ቁጥሩን ሰጠሁ። አዲሲቱ ቴለር ፊቷ ቀላ፣ ማለቴ ኮምፒውተሯ። «አባባ፣ ስምዎ ተይዟል፣ ከዋናው መልስ እስኪመጣ ይቀመጡ» አለችኝ በማይክሮፎን። ሕጉን ታውቃለች፣ ጎበዝ። ሄጄ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጥኩ። ካርቶኗ ያው የእኔው ነው።

አጠገቤ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ የአምባሰል ሴት ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ስም እየሸመደዱ ነው፣ ሲጨርሱ ይጠፋባቸዋል፣ እንደገና ይጀምራሉ። ከኪሴ ቆሎ አወጣሁና መዳፋቸው ላይ አፈሰስኩ። ቆረጠሙት። ስለ ዝናብ አወራን። ከዚያ ጠየቅኳቸው፣ ልጅዎን እቤት ማን ይሏታል ብዬ። ፊታቸው ሲፈታ ነገሩኝ፣ የፓስፖርቷም ስም አብሮ መጣላቸው።

«አንተንስ ማን ይሉሃል?» አሉኝ።

ይህን የጠየቀኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። መጀመሪያ ላፍር አስቤ ነበር።

«ዱባ።»

ቆሎውን እፍኝ እንደያዙ ሆዴን አዩት፣ ሳቃቸውን ዋጡ፣ ሌላ ቆሎ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።

«በል እንግዲህ ዱባ» አሉኝ፣ «ዓይኔ አያይልኝም፣ ተራዬ ደርሶ እንደሆን እይልኝ።»

ተነሥቼ አየሁላቸው።